የሲፈን ግራ ጉንጭ

በሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ዲላ ውስጥ ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚያስወርደው መንገድ ዳር የነበረውን የእትዬ መሪማን ኮስሞቲክስ ቤት ሰው የሚያውቀው በሰሌዳው አልነበረም። ሰሌዳውን ፀሐይ ልጦት ከፊደሎቹ ግማሹ ጠፍቷል። ሱቁ የሚታወቀው ከባንኮኒው ጀርባ በምትቆመው ልጅ ፊት ነበር። ከገደብ ወይም ከይርጋጨፌ መጥታ ከአውቶብስ የወረደች ሴት፣ ያቺ ፊቷ የሚያበራው ልጅ ያለችበት ሱቅ የቱ ነው ብላ ከጠየቀች፣ የባጃጅ ሾፌሮቹ ሞተራቸውን ሳያጠፉ በአገጫቸው ያመለክቷታል። ልጅቷ ትንቢት ባልቻ ትባላለች።

ትንቢት የተወለደችው ከከተማው ወጣ ብሎ ጭጩ ነው። አባቷ አቶ ባልቻ በእንሰትና በዛፍ ጥላ ሥር ቡና ያላቸው ገበሬ ናቸው። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ውጤቷ ለመሰናዶ አልበቃ ሲል፣ እንደ ጓደኞቿ ሁሉ ቡና መጋዘን ገባች፤ ሁለት ዓመት መሬት ላይ ተቀምጣ ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው ስትለቅም ከረመች። ከሥራ ስትወጣ አቧራው ከላቧ ጋር ተለውሶ ፊቷ ላይ እንደ ሁለተኛ ቆዳ ይጋገራል። ጉንጮቿን ብጉር ወረራቸው፤ ግንባሯ ላይ ጥቁር ነገር አጠላበት። አንድ ቀን ቫዝሊን ልትገዛ እትዬ መሪማ ሱቅ ገብታ ሳለ፣ አንዲት ደንበኛ የሎሽን ጠርሙስ እያገላበጠች እንዴት እንደሚቀባ የሚነግራት አጣች። ትንቢት ጠርሙሱን ተቀብላ በላዩ ያለውን እንግሊዝኛ አነበበችና በአማርኛ ነገረቻት። እትዬ መሪማ በሒሳብ ማንም አይቀድማቸውም፤ እንግሊዝኛ ግን አያነቡም። ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። በሳምንቱ ትንቢት ከባንኮኒው ጀርባ ቆማ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ፊቷ ለሱቁ የማይሆን ፊት ነበር። "ዳቦ ቤት ተቀጥሮ የተራበ ያየሁት አንቺን ነው" እያሉ እትዬ መሪማ ይቀልዱባታል። ቀይ መስመር ያለባትን ትንሽ ቱቦ ከመደርደሪያው አውርደው የሰጧትም እሳቸው ናቸው። ትንቢት እንደ ልማዷ ካርቶኑን አነበበች። በደቃቅ ፊደል፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሸጥም ይላል።

"ምን ይላል?" አሏት እትዬ መሪማ።

"ሐኪም ነው የሚያዘው ይላል።"

እትዬ መሪማ ጥቂት አሰቡ። "እንግዲያማ ጥሩ ነገር ነው። ሐኪም መጥፎ ነገር ያዛል እንዴ?"

ሁለቱም በዚህ ተስማሙ። በሳምንቱ ብጉሩ እንደ ጠዋት ጤዛ ጠፋ፤ በወሩ ትንቢት ሌላ ሰው ሆነች። ጠይም የነበረችው ቀላች፤ ፊቷ ጥርት ብሎ መብራት ሲያርፍበት መልሶ የሚያበራ ሆነ። የመጋዘን ጓደኞቿ መንገድ ላይ አግኝተዋት ሳያውቋት ያልፉ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሥርዓት ያዘ። ትንቢት ለደንበኞቿ ቅባት እንደ ልብስ ነው ትላቸዋለች፤ ከሥር ስሱ፣ ከላይ ወፍራሙ፤ ካፖርት ለብሶ በላዩ ሸሚዝ የሚደርብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሴቶቹ ይስቃሉ፤ ስቀውም ይገዛሉ። እሷ ራሷ ጠዋት ስትነሣ ፊቷን በለስላሳ ሳሙና ትታጠባለች። እርጥበቱ ሳይለቅ የጽጌረዳ ውሃ በጥጥ ታስነካዋለች፤ ቀጥሎ ከትንሿ ቱቦ የስንዴ ፍሬ የምታህል፤ ቅባቷ ቆዳ ውስጥ እስክትሰርግ እስከ ሃያ ትቆጥርና ሎሽን፤ ከሁሉ በላይ ፓውደር። የማታው ሌላ ነው። ፓውደሩ በዘይት ይለቀቃል፤ ፊት ይታጠባል፤ ግሊሰሪን በውሃ ቀጥኖ ይቀባል፤ በመጨረሻ ቅልቅሉ ይመጣል። ቅልቅሉ ሦስት ዓይነት የሚያቀላ ክሬምና የዚያች ቱቦ ቅባት አንድ ላይ የተመታበት ነው። ከፊት ጀምሮ በአንገት በኩል እስከ ደረት ይወርዳል። ፊቱ ቀልቶ አንገቱ የጠቆረ ሰው መሳቂያ ነውና።

ሙሉውን መግዛት ለማይችሉት፣ ለኮሌጅ ተማሪዎችና ለቡና ለቃሚዎች፣ እትዬ መሪማ ቅልቅሉን በሻይ ማንኪያ ይሸጡላቸዋል። ሴቶቹ ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ይዘው ይመጣሉ። ትንቢት ደግሞ ቅደም ተከተሉ እንዳይጠፋቸው ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ በጥሩ ጽሕፈቷ ትጽፍላቸዋለች፤ ጠዋት ይህ፣ ከዚያ ይህ፤ ማታ ይህ፣ ከዚያ ይህ። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ የት እንደሚደርስ እሷም አታውቅም። የእትዬ መሪማ ልጅ ኢልሃም እንኳ ወረቀቱን መስታወቷ ጥግ ላይ ሰክታ ሁለት ዓመት በሱ ስትሄድ ቆይታለች። ኢልሃም በጥር ልታገባ ነው፤ ፊቷን የምታዘጋጀውም ትንቢት ናት።

በዚህ መሐል ትንቢት ታዲዮስን አግብታ፣ በግንቦት ሲፈንን ወለደች። ታዲዮስ በቡና ወቅት ይርጋጨፌ ቡና ማጠቢያ ይሠራል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ቤቱን የሚያየው እሑድ እሑድ ብቻ ነው። እናቱ እማማ ሸዋነሽ ከቡሌ ወርደው ልጅ ይይዙላቸዋል። እማማ ሸዋነሽ አማርኛን የለመዱት በስተርጅና ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም "እሱ" ነው የሚሉት፤ ሲፈንም በሳቸው አፍ ወንድ ሆና ቀርታለች። የምራታቸውን ዕቃ በመስኮቱ ሥር ተደርድሮ ሲያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። "አንድ ፊት ነው ያለሽ፤ ይሄ ሁሉ ለስንት ሰው ነው?" ይሏታል። ትንቢት ትስቃለች።

ሲፈን ስድስት ወር ሊሞላት ሲል ነው ግራ ጉንጯ መቅላት የጀመረው። መጀመሪያ ላብ ያስነሣው ሽፍታ ይመስል ነበር። ትንሽ ቆይቶ ጥቃቅን ፍሬዎች አወጣ፤ ልጅቷ ጡት መጥባቷን እያቋረጠች በእጇ ትፈትገዋለች። ትንቢት ደነገጠችና እጇ የለመደውን አደረገ። ከትንሿ ቱቦ የጤፍ ፍሬ የምታህል በጣቷ ጫፍ አስነካችላት። በሁለተኛው ቀን ጉንጩ ንጹሕ ሆነ። ትንቢት ያን ዕለት ሱቅ ሄዳ ለእትዬ መሪማ እንደ ድል ነገረቻቸው። በአምስተኛው ቀን ሽፍታው ተመልሶ መጣ፤ ከበፊቱ ሰፍቶ። ደግማ ቀባቻት፤ ደግሞ ጠፋ፤ ደግሞ ተመለሰ። ታኅሣሥ እስኪጋመስ ጉንጩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ሆኖ ከሥሩ ቀጫጭን ቀይ ደም ሥሮች ይታዩበት ጀመር። በጆሮዋ አጠገብም ሌላው ጉንጯ ላይ የሌለ ለስላሳ ጸጉር በቀለ።

ነገሩን ያየችው ትንቢት አይደለችም። ሁልጊዜ የምታያት አቅፋት ስለሆነ ሁለቱን ጉንጮች ጎን ለጎን አስተያይታ አታውቅማ። ያዩት እማማ ሸዋነሽ ናቸው፤ ፀሐይ ላይ አስቀምጠው ገላዋን ሲያሹ። ልጅቷን ወደ ቀኝ አዞሩ፤ ወደ ግራ አዞሩ።

"ይሄ ልጅ ግራው ብቻ ለምን ታመመ?" አሉ። "ትኩሳት ቢሆን ሁለቱን ይይዛል። ጥርስ ቢሆን ሁለቱን ይይዛል። እኔ ሳዝለው የሚጠጋኝ በቀኙ ነው። ግራውን የሚይዝ ማነው?"

 የትንቢት እጅ ሳታዘው ወደ አንገቷ ሄደ።

በማግስቱ ከእትዬ መሪማ ፈቃድ ጠይቃ ልጅቷን ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ካርድ አውጥታ፣ ወረፋ ጠብቃ የገባችው ሲስተር ፀሐይወርቅ ዘንድ ነው። ሲስተሯ የሲፈንን ጉንጭ በብርሃን አየችው፤ በጣቷ ጀርባ ዳሰሰችው። ምን ትቀቢያታለሽ አላለቻትም። እንደ ሁልጊዜው እቀፊያት ብቻ አለቻት። ትንቢት እንደ ሁልጊዜው በግራ ክንዷ አቀፈቻት። ሲፈን እንደ ሁልጊዜዋ ዞረች፤ ግራ ጉንጯን በእናቷ አገጭና አንገት መካከል ወሽቃ አረፈች። የተሠራላት ቦታ ይመስል ነበር።

ሲስተሯ ነጭ ፋሻ ቀደደችና የትንቢትን አንገት አንድ ጊዜ ጠረገችው። ፋሻው ቢጫ ሆነ፤ የክሬሙ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ሁለቱ ሴቶች ፋሻውን አዩት።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለች ሲስተሯ።

ትንቢት ሁሉንም ነገረቻት። የጠዋቱን፣ የማታውን፣ የጤፍ ፍሬዋን ሳይቀር። ስትናገረው ስህተቱ የገዛ ጆሮዋ ውስጥ ይሰማት ነበር። ሲስተሯ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይቀላት ነበር። በቱቦዋ ያለው መድኃኒት መሆኑን፣ ለቆዳ በሽታ ለጥቂት ቀን እንደሚታዘዝ፣ ሲዘወተር ግን ቆዳውን እያሳሳ ያለ እሱ መኖር የማይችል እንደሚያደርገው አስረዳቻት። ሽፍታው ሲቀባ የሚጠፋውም ተፈውሶ ሳይሆን ተኝቶ ነው። ለልጅቷ የሚቀባው ዛሬውኑ ይቆማል፤ የሕፃን ቆዳ አዲስ ነው፤ ከእናቷ ላይ የሚነካካትም ከቆመ ይመለስላታል። የእናቲቱ ግን ሌላ ነው አለቻት።

"ፊትሽ ይቆጣል። ይቀላል፣ ያብጣል፣ ያቃጥልሻል። ሳምንት አይደለም፤ ወራት ነው። ሐዋሳ ሄደሽ የቆዳ ሐኪም ቢያይሽ ጥሩ ነበር። ካልሆነ እኔ ጋ በየሳምንቱ ነዪ፤ እየቀነስን ቀስ ብለን እናስተውሻለን። ሌላ ክሬም ግን እንዳትደርቢበት። ውሃ፣ ንጹሕ ቫዝሊን፣ ጃንጥላ። በቃ።"

ትንቢት በባጃጅ አልተመለሰችም፤ በእግሯ ሄደች። ልቧ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ነበር። ፊቷ ፊት ብቻ ቢሆን ኖሮ እዳው ገብስ ነው። ፊቷ ግን እንጀራዋ ነው፤ ከመጋዘኑ መሬት ያነሣት እሱ ነው። ቆስላ ብትቆም ማን ይገዛታል? እየቀነሰች ብትሄድ ደግሞ፣ የቀረው እስኪያልቅ ድረስ ሲፈን የምትጠጋው የትኛውን አንገት ነው?

ለእትዬ መሪማ ነገረቻቸው። ከልባቸው አዘኑ፤ አላህ ይማራት፣ ልጅ ናት አሉ፤ ለሲፈንም ጥጥ ካልሲ ከመደርደሪያ አንሥተው ሰጧት። ቀጥለው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለመኗት። የሠርጉ ወቅት እየገባ ነው፤ ሙሽሮች ሁሉ የሚመጡት እሷን አይተው ነው፤ ኢልሃምም አለች። ጥር ይለፍ፤ ከጥር በኋላ አንድ ወር ቤትሽ ተቀመጪ። ለልጅቷ ነጠላ በመሐል አድርጊ።

ትንቢት ሞከረች። እስከ ገና ድረስ ሞከረች። አንገቷን በሳሙና ፈትጋ ነጠላ አጥፋ ጣል ታደርግበታለች፤ ሲፈን ነጠላውን በእጇ ጎትታ ትጥላለች። በቀኝ ክንዷ ልታቅፋት ሞከረች፤ ልጅቷ ቦታው የጠፋበት ሰው ይመስል ትንከራተታለች። ማታ ማታ ከራሷ አርቃ ከአያቷ ጋር አስተኛቻት። ሲፈን አያቷ አንገት ሥር ገብታ ታሸትና አይደለም ብላ ታለቅሳለች። እማማ ሸዋነሽ እያባበሏት፣ በዚያኛው አልጋ በኩል ለተኛችው ምራታቸው ሳይጮኹ ተናገሩ።

"ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ። አንቺስ ቆመሽ ነው። እሱ ነው የሚያለቅስ።"

በገና ማግስት ጠዋት ትንቢት ተነሥታ ታጠበች። የጽጌረዳውን ውሃ አለፈችው፤ ቱቦዋን አለፈቻት፤ ሎሽኑን አለፈችው። ሲስተሯ ቀስ በቀስ ብላት ነበር፤ እሷ ግን ቀስ በቀስ የምትቆምበት ጊዜ የላትም። ቫዝሊን ብቻ ቀብታ ሲፈንን በግራ ክንዷ አነሣቻት። ልጅቷ ቦታዋን አገኘች።

በአራተኛው ቀን የትንቢት ፊት ተነሣ። እንደ ጋለ ብረት ቀላ፤ የዓይኖቿ ቆቦች አበጡ፤ አገጯ ዙሪያ ውሃ የቋጠሩ ፍሬዎች ወጡ። ነፋስ ሲነካት ያቃጥላታል፤ ላብ ሲነካት ያቃጥላታል። ለሦስት ዓመት የተኛው ሁሉ አንድ ቀን ነቃ። ሱቅ ስትሄድ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሸፍና በጃንጥላ ሥር ነው። መንገዱን በአገጫቸው ያሳዩ የነበሩት ሾፌሮች ዞር ብለው አዩዋት፤ አንዱ ብቻ፣ "እህቴ፣ መስታወቱ ተሰበረ እንዴ?" ብሎ ሌሎቹን አሳቃቸው። እትዬ መሪማ ሲያዩዋት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከዚያ ከባንኮኒው ወደ ጓዳው፣ ካርቶን ወደሚፈታበት አዛወሯት።

እዚያ ጓዳ ውስጥ ብዙ ጊዜ ቱቦዋ ከጎኗ ነበረች። አንድ ካርቶን ሙሉ። የስንዴ ፍሬ የምታህል ብቻ ብታስነካ ነገ ጠዋት ፊቷ ተመልሶ ይመጣል፤ ይህን ታውቃለች። አንድ ቀን ክዳኑን ከፈተችው። ሽታው ከመጣባት በኋላ ነው የዘጋችው።

በዚያ ሳምንት የገበያ ቀን አባቷ አቶ ባልቻ ለልጅ ልጃቸው ቡላ ይዘው ከጭጩ መጡ። ጓዳው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የልጃቸውን ፊት ብዙ አላዩም፤ አንድ ጊዜ አይተው ዓይናቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። ምን እንደሆነች ስትነግራቸው ሳያቋርጡ ሰሟት።

"ዋንዛው በዐውሎ ነፋስ የወደቀ ዓመት ትዝ ይልሻል?" አሉ በመጨረሻ። "ትንሽ ነበርሽ። ከሥሩ የነበረው ቡና ፀሐይ መትቶት ቅጠሉ ሁሉ ተቃጠለ። ሰው ንቀለው አለኝ። እኔ ምን አደረግኩ? ምንም። አጠገቡ እንሰት ተከልኩለትና ተውኩት። በሦስተኛው ዓመት አፈራ። ጥላውን አንቺ ራስሽ ነሽ የቆረጥሽው፤ እንግዲህ እስኪበቅል መጠበቅ ነው።"

ሲነሡ ጃንጥላዋን ከግድግዳው አንሥተው እጇ ላይ አስያዟት።

ጥር በገባ በሁለተኛው ሳምንት እትዬ መሪማ ለኢልሃም ሠርግ ጨርቅ ሊያዩ ወጣ አሉና ትንቢት ብቻዋን ባንኮኒው ላይ ቀረች። ነጠላዋን ተሸፋፍና ቆማ ሳለ አንዲት ሴት ገባች፤ ወጣት ናት፤ ጀርባዋ ላይ ሕፃን አዝላለች፤ ጫማዋ የሩቅ መንገድ አቧራ ለብሷል። ከገደብ መምጣቷን ተናገረችና ከጡቷ ሥር ወረቀት አወጣች። ወረቀቱ ከመታጠፍ ብዛት አራት ቦታ ሊቀደድ ደርሷል። የትንቢት ጽሕፈት አይደለም፤ ከሷ ወረቀት የተገለበጠ፣ ምናልባትም ከተገለበጠው የተገለበጠ ነው። ትንቢት የስንዴ ፍሬ ያለችው እዚያ ላይ ባቄላ ሆኗል። ማታ ብቻ ያለችው ጠዋትና ማታ ሆኗል።

"ይህን የጻፈችውን ልጅ ነበር የፈለግኩት" አለች ሴቲቱ። "ፊቷ የሚያበራውን። ቅልቅሉ አለቀብኝ፤ ሁለት ማንኪያ ስጪኝ።"

ትንቢት ወረቀቱን ይዛ ቆየች። ጓዳው ውስጥ ካርቶኑ አለ፤ ማንኪያውም አለ፤ የሴቲቱም እጅ ብልቃጡን ይዞ ተዘርግቷል። መስጠት ቀላል ነበር። ልጅቷ የለችም ማለትም ቀላል ነበር።

"ሕፃኑን አውርጂውና እንደ ሁልጊዜው እቀፊው" አለቻት።

ሴቲቱ ግራ ገብቷት፣ ግን አወረደችው። በቀኝ ክንዷ አቀፈችው። ሕፃኑ ዞሮ ቀኝ ጉንጩን በእናቱ አንገት ሥር ወሸቀ። ትንቢት ከባንኮኒው ዞራ ወጣች፤ ልጁን በቀስታ ወደ ብርሃኑ መለሰችው። ቀኝ ጉንጩ ቀልቶ ነበር፤ ገና ትንሽ፤ ከጆሮው አጠገብ።

"ሙቀት ነው" አለች ሴቲቱ ፈጥና።

ትንቢት ነጠላዋን ከፊቷ ላይ አወረደችው። ሴቲቱ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች።

"የምትፈልጊያት ልጅ እኔ ነኝ" አለች ትንቢት። "ወረቀቱ የኔ ነው። የኔም ልጅ ጉንጭ እንዲህ ነው የጀመረው።"

ከዚያ ሲስተር ፀሐይወርቅ የነገረቻትን ሁሉ፣ አንድም ሳታስቀር፣ ነገረቻት። በአንድ ጊዜ አትጣዪው፣ እኔ ጥዬው ነው እንዲህ የሆንኩት አለቻት፤ እዚያው ገደብ ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ ምን እንደተቀባሽ ሳትደብቂ ንገሪያቸው፤ እስከዚያ ከአንገት ጀምሮ ወደ ታች ያለውን ተይው፤ ልጁ የሚጠጋበትን ጨርሶ። ወረቀቱን ገልብጣ ይህንኑ በጀርባው ጻፈችላት፤ በትልልቁ፣ ማንም ሲገለብጠው እንዳይሳሳት። ሴቲቱ ማንበብ የምትችለው በመጠኑ ነው፤ ሁለት ጊዜ አስደገመቻት። ከዚያ አለቀሰች። ባሏ በዚህ ፊት እንደወደዳት፣ በፊት ምን እንደምትመስል እንኳ አይቷት እንደማያውቅ ነገረቻት።  ትንቢት ከመደርደሪያው ቫዝሊን አውርዳ ሰጠቻት።

ሴቲቱ ስትወጣ እትዬ መሪማ ደጃፉ ላይ ነበሩ። የሠርጉን ጨርቅ በብብታቸው ይዘው፣ ምን ያህል ጊዜ እንደቆሙ አይታወቅም። ትንቢት ነጠላዋን መልሳ አልሸፈነችም። ከዚህ በኋላ የምትሸፍነው ነገር አልነበራትም፤ ሥራዋም እዚህ ላይ ያበቃ መሰላት።

እትዬ መሪማ ገብተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ጨርቁን ጭናቸው ላይ አድርገው እጥፋቱን በእጃቸው ያስተካክላሉ፤ ያስተካከሉትን ደግመው ያስተካክላሉ።

"ስንት ወረቀት ጻፍሽ?" አሉ።

"አላውቅም እትዬ።"

"እኔም ስንት ማንኪያ እንደሸጥኩ አላውቅም። ወላሂ አላውቅም። ሁሉን ነገር የማውቅ ሰው ነበርኩ።" ጨርቁን ከጭናቸው አንሥተው ባንኮኒው ላይ አኖሩት። "ሐኪም መጥፎ ያዛል እንዴ ያልኩሽ እኔ ነኝ።"

"ያነበብኩት ደግሞ እኔ ነኝ።"

መንገዱ ላይ ከይርጋጨፌ የመጣ አውቶብስ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ። እትዬ መሪማ አውቶብሱ እስኪያልፍ ጠበቁ።

"ለኢልሃም ምን ልበላት?" አሉ። ድምፃቸው የባለ ሱቅ ድምፅ አልነበረም። "አሥራ አንድ ቀን ነው የቀራት። ዛሬ ብትተወው በሠርጓ ዕለት እንዳንቺ ትሆናለች። ባትተወው ደግሞ፣ ነገ ትወልዳለች።"

 ቀስ ብሎ ከሆነ ጊዜ አለ፤ እኔ ያጣሁትን ጊዜ ኢልሃም አላት፣ ገና ልጅ አላቀፈችም፤ ነገ አብረን ሲስተር ፀሐይወርቅ ዘንድ እንውሰዳት፤ ትንቢት ያለችው ይህን ብቻ ነው።  እትዬ መሪማ ተነሥተው ጓዳ ገቡ። የቅልቅሉን ማንኪያ ከዕቃው መሐል አውጥተው አጠቧትና ኪሳቸው ከተቷት፤ የቱቦውን ካርቶን ግን እዚያው ተዉት፤ ዓይናቸው እሱ ላይ እንደቀረ። ያን ዕለት ሱቁ ገና በዘጠኝ ሰዓት ተዘጋ። ነገ ነዪ አላሏትም፤ አትምጪም አላሏትም። "ጃንጥላሽን እንዳትረሺ" ነው ያሏት።

ትንቢት ቤት ስትደርስ እማማ ሸዋነሽ ሲፈንን ደጅ ጥላ ሥር ይዘዋት ነበር። ልጅቷ እናቷን ስታይ እጆቿን ዘረጋች። ሌላው ሰው ሁሉ ይህን ፊት ሲያይ ወይ ይዞራል ወይ ያፈጣል፤ ለሲፈን ግን ያው ፊት ነው።

"ዛሬ ትንሽ ደህና ነው" አሉ እማማ ሸዋነሽ የልጅቷን ግራ ጉንጭ ወደ ብርሃን እያዞሩ። "ቀዩ ሄዷል። ጸጉሩ ነው የቀረ። እሱም ይሄዳል።" ከዚያ ቀና ብለው የምራታቸውን ፊት አዩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጡ። "ያንቺስ?"

"እንጃ እማማ። ይቆያል አሉኝ።"

ታጠበች፤ በንጹሕ ውሃ። ቫዝሊኑን በስሱ አስነካችው፤ አንድ ብቻ፤ በላዩም በሥሩም የሌለ። መስኮቱ ሥር ዕቃው ተደርድሮበት የነበረው ቦታ አሁን ባዶ ነው፤ እማማ ሸዋነሽ የሲፈንን ካልሲዎች አስጥተውበታል። ትንቢት ተቀመጠችና ልጅቷን በግራ ክንዷ ተቀበለቻት። ሲፈን እንደ ልማዷ ዞረች፤ ጉንጯን በእናቷ ጉንጭ ላይ አሳረፈች፤ አንገቷ ሥር ሳይሆን ዛሬ ከፍ ብላ፣ ልክ በቆሰለው ላይ። እንደ እሳት አቃጠላት። ዓይኗ እንባ ሞላ። ፈቀቅ ብትል ይቀላት ነበር።

ትንቢት ፈቀቅ አላለችም። ልጅቷ እስክትተኛ ድረስ እንዲሁ ቆየች፤ ከተኛችም በኋላ ጥቂት ጨመረች።